የራዲያተር ፋን ለምን አይነሳም? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ራዲያተር ፋን ናቸው። ሳነባቸው ያሳዘነኝ ነገር አለ። ብዙዎቻችሁ ሳይመረመር ዕቃ እንድትገዙ ተነግሯችኋል። ዕቃ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ምርመራው መቅደም አለበት።

«ቪትዝ ነው የምነዳው። መገናኛ አካባቢ መንገድ ሲዘጋጋ ሙቀቱ ይጨምራል፤ መንገዱ ሲለቅ ይወርዳል። መካኒኬ የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል፣ ግዛ አለኝ። ልግዛ?»

ገና አይግዙ። ምልክቱ በርግጥ ፋኑን ያስጠረጥራል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ሲቆም ግን ከፋኑ ሌላ የሚያቀዘቅዘው የለም። ፍጥነት ላይ እያሉ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ ፋኑን ትተን ውሃውን፣ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተውን) እና የራዲያተሩን መደፈን እናይ ነበር።

ቢሆንም ፋን አልነሳም ማለት ሞተሩ ተቃጠለ ማለት አይደለም። ኤሌክትሪክ አልደረሰው ይሆናል። መኪናውን አስነስተው ኤሲ ይክፈቱ። በብዙ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑም አብሮ ይነሳል። ከተነሳ ሞተሩ ደህና ነው፤ ሙቀት የሚያነበውን ሴንሰርና ሽቦውን ያስፈትሹ።

ካልተነሳ ኮፈኑ ስር ካለው ሳጥን ውስጥ የፋኑን ፊውዝ ይዩ። ብዙ ጊዜ 30 ወይም 40 አምፔር ነው። ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ይቀይሩ። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ወይ ሽቦ ተነካክቷል፣ ወይ የፋኑ ሞተር ተጣብቋል። «ትንሽ ከፍ ያለ እናስገባ» የሚል ሰው ካለ አይስሙት። ፊውዙ ሲተርፍ ሽቦው ይቀልጣል።

ቀጥሎ ሪሌው ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ የፋኑን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያው ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌ ካለ አለዋውጦ መሞከር ነው፤ ወጪ የለውም። በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያን የፋኑን ሶኬት ነቅሎ ከባትሪ በፊውዝ በኩል ቀጥታ ያገናኘው። ከዞረ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ካልዞረ፣ ወይም በእንጨት መታ ሲያደርጉት ብቻ ከዞረ፣ ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ሳያልቅ አይቀርም። ያኔ መካኒክዎ ትክክል ነው። ያኔም ቢሆን ካርቦን ብቻ መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

አደራ፣ ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን ፋን ድንገት ሊነሳ ይችላል። እጅዎንና የልብስዎን ጫፍ ያርቁ።

«የ1990ዎቹ ኮሮላ አለኝ። ኤሌክትሪሺያኑ የሙቀት ስዊቹን ሶኬት ሲነቅለው ፋኑ ዞረ። ምን ማለት ነው?»

ደስ የሚል ዜና ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ ስዊቹ ሲሞቅ መስመሩን ይቆርጣል፤ መስመሩ ሲቆረጥ ፋኑ ይነሳል። ስለዚህ ሞተሩም፣ ሪሌውም፣ ፊውዙም ደህና ናቸው። የቀረው ስዊቹ ነው፤ ወይም ሙቅ ውሃ ስዊቹ ጋ አልደረሰም። በድሮ ቮልስዋገኖች ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ሶኬቱን ነቅሎ ሽቦዎቹን ማገናኘት ነው ፋኑን የሚያስነሳው።

«አዲስ አበባ ነኝ። መኪናዬ ውሃ ያፈላል፣ ገንፍሎም ይወጣል፤ ፋኑ ግን ዝም ነው። ሞተሩም ሴንሰሩም ደህና ነው ተባልኩ።»

ይህን ጥያቄ ሁሉም የአዲስ አበባ ነጂ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብዙ ፋኖች ደግሞ የሚነሱት ከ93 እስከ 98 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ታዲያ ውሃው ቀድሞ የማይፈላው ለምንድን ነው? በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል።

ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል። ውሃው ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ይፈላና ይጎድላል። ሴንሰሩ እንፋሎት ውስጥ ይቀራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀቱን እንደ ውሃ አያደርስለትም። ፋኑ ምንም ሳይሆን እንዲህ ሳይነሳ ይቀራል።

ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ያዩት። ላዩ ላይ እንደ 0.9 ወይም 1.1 ያለ የግፊት ቁጥር አለ፤ ያንኑ ይግዙ። የጎደለውን ሞልተው አየሩን ያስወጡ። በቧንቧ ውሃ ፈንታ ኩላንት ቢጠቀሙ የመፍሊያ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ዝገትም ይከላከላል። በአዲስ ክዳንም ካፈላና ውሃው ውስጥ አረፋ አልቆም ካለ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ያስፈትሹ።

«ፋኑን ዳይሬክት (ያለ ሴንሰር ቀጥታ) አድርገውልኛል፤ ቁልፍ ስከፍት ይዞራል። ችግር አለው?»

ለዛሬ ቤት ያደርስዎታል፤ ለዘለቄታው ግን አልመክርም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በቀጭን ሽቦ፣ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ ነው። ፋን ብዙ አምፔር ስለሚስብ የቁልፍ ቤቱ ይቃጠላል፤ ሽቦውም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዋናው ብልሽት እስኪሠራ ድረስ ቢያንስ ሪሌና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገቡለት።

«አይሱዙ ነው የምነዳው። የፋኑ ሽቦ የቱ ጋ ነው?»

የለውም። የእርስዎ ፋን የሚዞረው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በራሱ በመኪናው ሞተር ነው። የቺንጋውን መወጠር ይዩ። ፋን ክላች (ሲሞቅ ፋኑን ከሞተሩ ጋር አጥብቆ የሚያያይዝ) ካለው ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፋኑን በእጅ ገፋ ያድርጉት። ምንም ሳይከብደው ብዙ ጊዜ ከዞረ፣ ወይም ክላቹ ላይ ዘይት ካዩ፣ ክላቹ አልቋል።

«መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ‹ለአገራችን አያስፈልግም› አለኝ። እውነት ነው?»

አይደለም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የአቋራጩን መስመር ስለሚዘጋ፣ እሱ ሲወጣ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። ስለዚህ ጭራሽ ሊያሞቅብዎት ይችላል።

አዲስ ሲገዙ የተጻፈበትን ዲግሪ ይዩ፤ ቶዮታ ላይ 82 የተለመደ ነው። ከመግጠምዎ በፊት ድስት ውስጥ አፍልተው ይሞክሩት። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ድስቱ ከ92 አያልፍም። ውሃው ሳይፈላ መከፈት ከጀመረ ደህና ነው፤ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ብለው አይመልሱት።