መልስ፦ በማደንዘዣ ጊዜ ሆን ተብሎ ስለሚወርድ የደም ግፊት

እናትዎ ድሬዳዋ ለጆሮ ቀዶ ሕክምና ሲገቡ ግፊታቸው በመድኃኒት ዝቅ እንደሚደረግ ሰምተው፣ «አንጎላቸው ደም አያጥረውም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እንደ ፕሮፖፎል ያሉ የማደንዘዣ መድኃኒቶች የደም ሥሮችን ስለሚያሰፉ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ጠባብ ቦታም በደም አይሸፈንበትም። የግፊቱ መውረድ መጠነኛ ከሆነ የአንጎልና የኩላሊት የደም ሥሮች ራሳቸው እየሰፉ የሚደርሳቸውን ደም ይጠብቃሉ። አማካይ ግፊቱ (ከላይኛውና ከታችኛው የግፊት ቁጥር መካከል ያለው) ከ65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ከቆየ ግን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ይችላሉ። የቆየ ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ወሰን ከፍ ስለሚል፣ የእናትዎን የዘወትር ግፊትና የሚወስዱትን ክኒን፣ በተለይ ኤናላፕሪል የተባለው የደም ግፊት ክኒን ከሆነ፣ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። የድሬን ሙቀትም አይናቁት፤ ፈሳሽ ያነሰው ሰው ማደንዘዣ ሲሰጠው ግፊቱ ይበልጥ ስለሚወርድ፣ ውሃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድላቸው አስቀድመው ይጠይቁ።