ቀቢው «ተጨማሪ» ሲል፦ ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ሲደርቅ ቤት ማስቀባት ይጀመራል። ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ ደግሞ ይጦፋል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ በአንድ ዋጋ ተጀምሮ በሌላ ዋጋ ስለሚያልቅ የቀለም ሥራ። የጻፉልኝ የቤት ባለቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ቀቢም አለበት። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሥራው ሳይሠራ ያልተነገረ «ተጨማሪ» ሒሳብ ተገቢ አይደለም። በጊዜው ተነግሮ፣ ታይቶ፣ «እሺ» ተብሎ የተሠራን ሥራ አለመክፈልም የሰው ላብ መብላት ነው።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

*ሦስት ክፍል ቤቴን በጥቅል ዋጋ፣ የእጅ ብቻ ብለን ተስማማን። ቀለሙን የምገዛው እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ምንም አላሰፈርንም። በሦስተኛው ቀን «አሮጌው ቀለም ይላጣል፣ ስቱኮ (ግድግዳ ማለስለሻ) ይፈልጋል» ብሎ የተስማማነውን ግማሽ ያህል ጨምሪ አለኝ። ካልጨመርኩ ጥሎ ሊሄድ ነው። ተጭበርብሬ ነው?*

እህቴ፣ መልሱን የሚወስነው አንድ ነገር ነው። ዋጋ ሲነግርዎ ቤቱን ገብቶ በደንብ አይቶታል?

መጀመሪያ ግን አይደንግጡ። ወረቀት የለም ማለት ውል የለም ማለት አይደለም። ቤት ለማስቀባት የቃል ስምምነትም ውል ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። በጥቅል ዋጋ ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ ሥራው ከገመተው በላይ ስለከበደው ብቻ ዋጋ መጨመር አይችልም። ቢቀልለትም ባለቤቷ ተነስታ «ቀንስ» ማለት አትችልም። የጥቅል ዋጋ ትርጉሙ ይኸው ነው።

የሚላጥ ቀለም የተደበቀ ነገር አይደለም። መዳፍን በግድግዳው ላይ አሽቶ ነጭ ዱቄት መያዙን ማየት፣ ስኮች ለጥፎ ድንገት መንቀልና ቀለም ይዞ መምጣቱን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ይህን ማድረግ የቀቢው ሙያ ነው። በር ላይ ቆሞ «ሦስት ክፍል ይህን ያህል» ካለ፣ በዓይን የሚታየው የእሱ ኪሳራ ነው።

ቁም ሣጥኑ ሲነሳ ከኋላው እርጥበት ያበላሸው ልስን ከተገኘ ግን ነገሩ ይለያል። ያንን እሱም እርስዎም አላያችሁትም። የቤቱ ችግር የባለቤቱ ነውና ወጪው የእርስዎ ነው። እዚህ ላይ ቸኩለው ስቱኮ አያስደርጉ። መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደመጣ ይፈለግ። ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ወይም የተደፈነ አሸንዳ ነው። እሱ ሳይጠገን የሚሠራ ስቱኮ በመጪው ክረምት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ሥራውን ለአንድ ቀን ማስቆም ነው። አብራችሁ እየዞራችሁ የተበላሸውን በእርሳስ ክበቡት፤ በሜትር ለኩት። ዋጋው ለዚያ ካሬ ብቻ ይነገር። «የቤቱ ሁሉ ግማሽ» የሚባል ነገር አይቀበሉ። የተስማማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ በስልክም ፎቶ ያንሱት። በዚህ መንገድ ሒሳቡ ከተጠየቀው በእጅጉ አንሶ የተገኘባቸውን ቤቶች አውቃለሁ።

መሐል ሜዳ

*ቀቢው «አምስት ጋሎን ይበቃል» ብሎ ገዛሁ። አሁን ዘጠነኛው ላይ ነው። ወስዶብኝ ይሆን? ቤቱ አዲስ ነው፣ ልስኑ ገና አልተቀባም ነበር።*

ሰውን ሌባ ከማለትዎ በፊት አብረን እናስላ። አራት በአምስት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 18 ሜትር ነው። በቁመት ሲባዛ 50 ካሬ ገደማ ይሆናል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 47 ይቀራል። ሁለት እጅ፣ ማለትም ሁለት ዙር፣ ሲቀባ 94 ካሬ ማለት ነው። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለአንድ እጅ 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ ለዚህ ክፍል 9 ሊትር ተኩል ይበቃል።

የእርስዎ ግን ጥሬ ልስን ነው። ሻካራ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ይጠጣል፤ አንድ ሊትር ስድስት ካሬ ቢሸፍን ነው። ያው ክፍል ወደ 16 ሊትር ይወጣዋል። በዚህ ስሌት አምስት ጋሎን የተባለው ስምንት መድረሱ ያለ ነገር ነው። ዘጠኝ ትንሽ ይበዛል፤ ቢሆንም «ሰረቀኝ» ለማለት አይበቃም። ጥፋቱ የግምት ነው። ከቀለሙ በፊት ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቀለም ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ልስኑ የሚጠጣው ውድ ቀለሙን አይሆንም ነበር። ያንን አለመምከሩ የሙያ ጉድለት ነውና በእጅ ዋጋው ላይ ተነጋገሩበት።

ወደፊት ባዶ ጣሳዎቹ ሁሉ ግቢዎ ውስጥ ይቀመጡ። የተረፈውም ቀለም የእርስዎ ነው። ጋሎን ሲገዙ ደግሞ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሊትር ወይም ኪሎ ያንብቡ፤ ሁሉም እኩል አይይዝም።

ሸዋ ሮቢት

*ሥራው ሲያልቅ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» ብሎ 15 በመቶ ጨመረብኝ። ልክፈል?*

ለቫት ያልተመዘገበ ሰው ቫት መሰብሰብ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የምዝገባ ወረቀቱንና ሕጋዊ ደረሰኙን ይጠይቁ። ከሌለው አይክፈሉ። ካለውና ስለ ቫት ምንም ሳትነጋገሩ ከቀረ፣ ወደ ሽምግልና ነው የሚሄደው። የእኔ ፍርድ፣ ለግለሰብ ዋጋ የሚናገር ድርጅት ጠቅላላውን መናገር አለበት።

ደብረ ሲና፣ ከቀለም ቀቢ

*ሳሎኑን አንድ እጅ ቀብቼ ስጨርስ ባለቤቷ «ከለሩ አላማረኝም» ብለው ሌላ አስመጡ። የመጀመሪያው ጠቆር ያለ ነበር፣ አዲሱ ነጣ ያለ። ለመሸፈን ሦስት እጅ ፈጀብኝ። አሁን የተስማማነውን ብቻ ነው የምከፍለው ይላሉ።*

ወንድሜ፣ የደከምክበት ሊከፈልህ ይገባል። በውሉ ላይ ያለው በመጀመሪያ የተመረጠው ከለር ነው። ሐሳብ የቀየሩት ባለቤቷ ናቸው፤ የቀየሩትን መክፈልም የእሳቸው ነው። ጠቆር ያለ ቀለም ላይ ነጣ ያለ ሲቀባ ሁለት እጅ እንደማይሸፍን ማንም ቀቢ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። አዲሱ ጣሳ ሲመጣ «እትዬ፣ ይሄ ለብቻው ሒሳብ አለው» ብለሃቸዋል? ዝም ብለህ ከሆነ «በነፃ የሚሠራልኝ መስሎኝ ነበር» ይሉሃል፤ የሚያምናቸውም ይኖራል። ብዙ ቀቢዎች ባለቤት እንዳይከፋ ብለው ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻ ቀን ግን ሒሳቡ ዱብ ይላል። ይህ ዝምታ ከየትኛውም ክፋት ይልቅ ብዙ ሰው ሲያጣላ አያለሁ። ከእንግዲህ በየከለሩ አንድ ካሬ ግድግዳ ላይ ቀብተህ፣ አድሮ በቀን ብርሃን ካዩት በኋላ አስመርጣቸው። እሺ ያሉትን የስልክ መልእክት አድርገህ ያዘው። ያሁኑን ደግሞ የሚያከብሯቸውን አንድ ጎረቤት ይዘህ ሂድና ከተለመደው ሁለት እጅ በላይ ለቀባሃቸው ሁለት ትርፍ እጆች ብቻ ጠይቅ።

ደነባ

*ቀለምና እጅን ጨምሮ በጥቅል ሰጥቼው ነበር። በመሐል የቀለም ዋጋ ጨመረ ብሎ ልዩነቱን ጠየቀኝ።*

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር ከውጭ ምንዛሪ ጋር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ጀምሮ፣ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ የአንዱ ወገን ግዴታ ስለከበደበት ብቻ ውል አይለወጥም። ቀለሙን በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ ማስቀመጥ ይችል ነበር። ያዘገዩት እርስዎ ከሆኑ ግን፣ ለምሳሌ ኤሌክትሪኩ ሳያልቅ ቀርቶ ወር ያስጠበቁት ከሆነ፣ ልዩነቱን ቢካፈሉ ይሻላል። ቀለም በአንድ ጊዜ መግዛት ሌላም ጥቅም አለው። በተለያየ ጊዜ የተቀመመ አንድ ዓይነት ከለር ግድግዳ ላይ ሲወጣ ይለያያል።

ደብረ ብርሃን

*በታኅሣሥ ያስቀባሁት የውጭ ግድግዳ በሦስት ወሩ ይላጥ ጀመር። ቀቢው «ውርጭ ነው፣ የእኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ እንደገና ለመቀባት አዲስ ዋጋ ጠየቀ።*

ውርጩ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። በውኃ የሚቀጥን ቀለም በብርድ በደንብ አይያያዝም። ከ10 ዲግሪ በታች ባይቀባ ይመረጣል፤ ሳይደርቅ ውርጭ ካገኘው ደግሞ ይፈረፈራል።

ይህን ማወቅ ያለበት ግን ማን ነው? ቀቢው ነው። ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ድንገተኛ አይደለም። በዚያ ወር ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጀምሮ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ማቆም፣ አለዚያም «እስከ የካቲት እንቆይ» ማለት ነበረበት። ሳያስጠነቅቅ አመሻሽ ላይ ቀብቶ ከሆነ የእጁን በነፃ መድገም አለበት። «ለበዓል ካላደረስክልኝ» ብለው ያስገደዱት እርስዎ ከሆኑ፣ እሱም አስጠንቅቆ ከነበረ፣ ወጪው ወደ እርስዎ ይመጣል።

ልስኑ አዲስ ከነበረም ያንን ያጣሩ። የሲሚንቶ ልስን ከመቀባቱ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ በደጋ ከዚያም በላይ። የቸኮለ ቀለም በውስጡ በቀረው እርጥበት ይላጣል፤ ያ ከሆነ ውርጩን መውቀስ ዋጋ የለውም።

ልጆች ካሉ አንድ ማሳሰቢያ። እንደገና ለመቀባት የድሮ ዘይት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ አቧራው እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። ግድግዳውን እያረጠቡ ይሹ፤ ልጆቹንም ያርቁ።

እነዋሪ

*ግማሹን ገንዘብ አስቀድሞ ወስዶ ሁለት ቀን ሠርቶ ጠፋ። ስልክም አያነሳም።*

ግማሽ ብዙ ነው። የእጅ ብቻ ለሆነ ሥራ መጀመሪያ ላይ ከሩብ በላይ ባይሰጡ እመክራለሁ፤ የቀረው ክፍል በክፍል ሲያልቅ ይከፈላል።

አሁን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡት። ሕጉ ውል አልተፈጸመም ብሎ ከመክሰስ በፊት ይህን ይጠይቃል። ይህን ያህል ቀን ሰጥቼሃለሁ፣ ካልመጣህ በሌላ ሰው አስጨርሼ ልዩነቱን ከአንተ እጠይቃለሁ ይበሉ። ለዋሱ ወይም ላገናኛችሁ ሰው ቅጂውን ይስጡ። የተሠራውንና ያልተሠራውን፣ ምስክሮች ባሉበት፣ ሌላ ቀቢ ከመግባቱ በፊት ፎቶ ያንሱ።

የሰጡት ገንዘብ በቀብድ ስም ከሆነ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ተቀብሎ ውል ያፈረሰ ሰው እጥፉን እንዲመልስ በአንቀጽ 1885 ተደንግጓል። ቅድሚያ ክፍያ ከነበረ የሚመለሰው ከሠራው ሥራ ተቀንሶ ነው፤ በላዩ ላይ የደረሰብዎትን ኪሳራ መጠየቅ ይችላሉ። ለመክሰስ እስከ 10 ዓመት ጊዜ አለዎት፤ ምስክር ግን ይረሳል፣ ሰውም ከተማ ይለቃልና አይዘግዩ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍለው ከሆነ የላኩበትን መልእክት አያጥፉት፤ በእጅ ከሰጡም ሲቆጥሩለት የነበሩትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ይጻፉ።