አሳንሰር ውስጥ ለጠየቀኝ ልጅ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ነርስነት የሚማር አንድ ወጣት የሆስፒታል አሳንሰር ውስጥ አገኘኝና፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው የተናገረውን መልሰው ሲናገሩ አይሰለችዎትም?» አለኝ። የሚወርድበት ፎቅ ደርሶ ስለነበር ስቄ ዝም አልኩ። ይህ ደብዳቤ ያኔ ያልሰጠሁት መልስ ነው። በሕክምናው፣ በፋርማሲው፣ በማኅበራዊ አገልግሎቱ መስመር የገባችሁና ልትገቡ ያሰባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ጻፍኩት።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ እዚህ ስመጣ የሙያ ወረቀቴን የሚቀበል ስላጣሁ በአፌ እንጀራ መብላት ጀመርኩ። 26 ዓመት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሆስፒታሎች በሐኪምና በታካሚ መካከል ቆሜ አስተርጉሜአለሁ። ስለ ጤና ፍትሕ በየስብሰባው ትልልቅ ቃላት ሲነገሩ እሰማለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት አድልዎ ግን አንድ ቃል በጎደለበት፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ በታለፈበት ቦታ ድምፁን አጥፍቶ የሚገባ ነው። በዚህ በኩል የእኔም እጅ ንጹሕ አይደለምና ከጥፋቴ ልጀምር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከወለደች ሦስት ሳምንት የሆናት ልጅ እግር ሴት ለምርመራ መጣች። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማት ጠየቃት። የሕፃኑን ካልሲ እያወለቀች፣ መልሳ እያጠለቀች፣ አንገቷን እንደደፋች «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። ሌላ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረብኝና ልቤ በሩ ላይ ነበር። «ሆዷን ይረብሻታል» ብዬ አለፍኩት። ሐኪሙ ሆዷን ጫን ጫን አድርጎ ዳሰሰ፤ የደምና የሰገራ ምርመራ አዘዘ፤ አልትራሳውንድ ጨመረበት። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። እሷም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ነገሩ የገባኝ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። አማርኛ አፋችሁን የፈታችሁ አሁን እየሳቃችሁብኝ ይሆናል፤ ሆዴ ባር ባር አለኝ ያለ ሰው ስለ አንጀቱ አያወራም። በማግሥቱ ማልጄ ሄጄ ለሐኪሙ ተናዘዝኩ። ደግነቱ አልተቆጣም፤ አስደውሎ አስመጣት። የድኅረ ወሊድ ድብርት ነበር። ባሏ የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ እስኪነጋ ድረስ መስኮት ሥር ተቀምጣ ታለቅስ ኖሯል። የሚያርሳት እናት የለ፣ ገንፎ የሚያገነፋላት ጎረቤት የለ። ይህን ሁሉ በአራት ቃል ነግራን እኔ ነበርኩ የጣልኩባት።

እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ጥፋቴ በአንድ ሌሊት ተመለሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ቤተሰቡ የኩባ ተወላጆች ስለነበሩ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ፤ በእነሱ አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልተስማማውም ማለት ነው። ሐኪሞቹ ቃሉን በእንግሊዝኛው ጆሮ ሰምተው አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው አከሙት። ልጁ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰው ነበር። እውነቱ ሲታወቅ ሁለት ቀን አልፎ፣ እጅ እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ክሱ በ71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሣ ተቋጨ። በሙያችን ይህን ታሪክ የማያውቅ የለም። በዚያ ክፍል ሁሉም ሰው የተግባባ መስሎት ነበርና አስተርጓሚ ይጠራ ያለ አልነበረም።

ቃል በስሕተት ብቻ አይጎድልም፤ ሆን ተብሎም ይደበቅበታል። ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ አካባቢ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት 600 ጥቁር ገበሬዎችን መዝግበው ሲከታተሉ ኖረዋል። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «ቂጥኝ አለባችሁ» ያላቸው ግን የለም፤ የተነገራቸው «መጥፎ ደም አለባችሁ» ተብሎ ነው። መጥፎ ደም በአካባቢው ሰው አነጋገር ድካሙንም፣ የደም ማነሱንም፣ ሌላውንም ሕመም የሚያጠቃልል ቃል ነበር። አገራችንም ቢሆን በአንድ ቃል አሥር በሽታ የሚጠራ ገበሬ ሞልቷል፤ ጥሩ ሐኪም ቁጭ ብሎ ቃሉን ይፈታታል። እነዚያ ግን የሕዝቡን ቃል ተውሰው ለሕዝቡ መጋረጃ አደረጉት። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ ማብቂያ የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ አልሰጧቸውም፤ በሽታው ሰውን እስከ መጨረሻው ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈልገው ነበርና። ዕድሜው የገፋ ጥቁር አሜሪካዊ ታካሚ ስለ አዲስ ክትባት ወይም ስለ ጥናት ቅጽ ሲጠራጠር አይታችሁ «አልተማረም» እንዳትሉ። ተምሮ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ያ የእነሱ ታሪክ ነው፤ እኛ ሐበሻ ነን» ስትሉ ይሰማኛል። በመጠበቂያ ክፍል ቅጽ ሳስሞላ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ! «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አላደርግም ብሎ «ሌላ» የሚለውን መርጦ «ሐበሻ» ብሎ የሚጽፍ አባት አውቃለሁ። በማንነቱ መኩራቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ሐበሻ መሆንህን አትጠይቅም። በብርሃን ነው የምትሠራው፤ ብርሃኑ በቆዳ ሲያልፍ የቆዳው ቀለም ንባቡን ያዛባዋል። በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ብላ ካነበበችላቸው ጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶው በደም ምርመራ ሲታይ ኦክስጅናቸው ከ88 በመቶ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ከነጮቹ እንዲህ የሆነው 3.6 በመቶው ነው። ጊዜው የኮቪድ መሆኑን አስቡት። ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው ወገናችን እያለከለከ «ቁጥሩ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሸኝበት ጊዜ። እኔ መሣሪያዋን ሳያት እንደ ሥራ ባልደረባዬ ነው የምቆጥራት፤ እሷም አስተርጓሚ ናት፤ እሷም ትሳሳታለች። ስለዚህ ነርሶች የምትሆኑት ልጆቼ፣ ቁጥሩ ደህና ብሎ ሰውዬው «አፈነኝ» ካለ ሰውዬውን ስሙ።

የኩላሊቱ ደግሞ ይባስ። ስኳርና ደም ብዛት አባቶቻችንን እየበላቸው ስለሆነ ይህን በደንብ እወቁት። የኩላሊትን አቅም ከደም ምርመራ የሚያሰላ ቀመር አለ። በ2009 የወጣው ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ነበር፤ ማለትም የተጎዳው ኩላሊት በወረቀት ላይ የተሻለ ጤነኛ ይመስላል። ለንቅለ ተከላ ተራ መያዝ የሚቻለው ውጤቱ 20 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ነውና፣ ያች ብዜት የሰው ዓመት ትበላ ነበር። በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ወጣ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በአሮጌው ስሌት የተጎዱ ጥቁር ታካሚዎቻቸውን ፈልገው የባከነ የወረፋ ጊዜያቸውን እንዲመልሱላቸው ታዘዙ። በቤታችሁ በዲያሊሲስ (በኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ሰው ካለ ተራው ተስተካክሎለት እንደሆነ ጠይቁ። «ሐበሻ ነኝ» ያለውም አባት ይመለከተዋል።

ብድርም አለብን። እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ፣ እናታችሁም በነፃ አስተርጓሚ የምታገኘው፣ በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ምክንያት ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር እንዳያዳላ የከለከለው ያ ሕግ ነው። ለዚያ ሕግ ሲታገሉ ውሻ የተለቀቀባቸው ጥቁር አሜሪካውያን እንጂ የእኛ አባቶች አልነበሩም። በ1966 ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ሲጀመር፣ ነጭና ጥቁርን በተለያየ ክፍል የሚያስተኙ ሆስፒታሎች ካልተስተካከሉ ገንዘቡን አያገኙም ተብለው ነው በሺህ የሚቆጠሩት ቶሎ በራቸውን የከፈቱት። በቋንቋ ማግለል በትውልድ አገር ማዳላት ነው ያሰኘው ፍርድ ደግሞ በ1974 የተገኘው በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ወላጆች ክስ ነው። በ2004 ዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አወጣች፤ ዛሬ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወረቀታቸውን በአማርኛ የሚያትሙት በእሱ ነው። እኛ የደረስነው ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁን ወደሚነካው ነገር ልምጣ። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ለወላጁ ያላስተረጎመ ስንት ይሆናል? አንድ ቀን የመንገድ መጨናነቅ ይዞኝ ዘግይቼ ደረስኩ። ሐኪሟ መጠበቅ ስላልቻለች የታካሚው የ11 ዓመት ልጅ ታስተረጉም ይዛለች። በሩን ስከፍት ሐኪሟ «ኩላሊቶችዎ ከሥራ ውጪ እየሆኑ ነው፤ ለዲያሊሲስ መዘጋጀት አለብን» ብላ ጨርሳ ነበር። ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችው። ጉንጯ ቀልቷል፤ የጫማዋን ጫፍ ወለሉ ላይ ታሻለች። «ውሃ ብዙ ጠጣ እያሉህ ነው» አለችው። አባትየው «ጎበዝ ልጄ» ብሎ ራሷን ዳበሳት።

ውሸታም አልላትም፤ ማን ነው በ11 ዓመቱ ይህን ለአባቱ የሚያረዳ? በአገራችን መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ተመርጦ ነው የሚነገረው። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ድንገተኛ ነገር ካልሆነ በቀር ሆስፒታል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ በዚህ አገር ደንብ የተከለከለ ነው። ታናሽ እኅታችሁን በዚያ ወንበር ላይ ካያችኋት አስነሷት። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ፤ ክፍያ የለውም። ከእኛው ሰፈር ሰው ይመጣና ሚስጥሬ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብሎ የሚፈራም አይፈር፤ ከሌላ ግዛት በስልክ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል። በዚህ የሚቀየም አስተርጓሚ ካለ ሥራውን ይልቀቅ።

ሙያ ላይ ያላችሁት ደግሞ «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት «አዎ» ይላል። «እስቲ ቤት ሲገቡ ክኒኑን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በሉት፤ ያኔ ጉዱ ይወጣል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እንዳልጽፈው ሳመነታ ነበር። የታካሚው መዝገብ ላይ «ኢትዮጵያዊት» የሚል ሲያዩ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት እኔን፣ የአማርኛዋን ነው። ለዓመታት ኦሮምኛ ተናጋሪዋም፣ ትግርኛ ተናጋሪዋም ፊት ቆሜ አስተርጉሜአለሁ። «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፤ እኔም የሁለት ሰዓት ክፍያዬን አስመዝግቤ እሄዳለሁ። የአገሬ ሰው ስለሆኑ ይበቃቸዋል እል ነበር። አማርኛ ለሁሉም ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ከአገር ቤት በሻንጣችን ይዘነው የመጣነው እኛ ነን፤ ሌላ የሚወቀስ የለም።

አንድ ቀን ከአርሲ የመጡ እናት የቀዶ ሕክምና የፈቃድ ቅጽ ሊፈርሙ እስክሪብቶውን ይዘዋል። ሁሉንም አንብቤላቸዋለሁ፤ ለሁሉም «እሺ» ብለዋል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማል ጄቴ?» አሉ። ምን አለች? ማለታቸው ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳነብ የቆየሁት ለማን ነበር? ለሐኪሙ «ይቅርታ፣ ለእኚህ እናት የምሆን አስተርጓሚ እኔ አይደለሁም፤ የኦሮምኛ ይጠራላቸው» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሰዓት ተይዞበታል። አርባ ደቂቃ ጠብቀን በስልክ ተገኘ። ያች «እሺ» ብቻ ስትል የነበረች አንደበት አንዴ ስትከፈት የሚያቆማት አልተገኘም። ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አንድ ጊዜ አዳማ መርፌ ተወግተው ፊታቸው አብጦ ትንፋሽ አጥሯቸው እንደነበር ተናገሩ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም እየደጋገመ ከጠየቀ በኋላ መዝገቡ ላይ በቀይ ጻፈው፤ ሊሰጣቸው ያዘጋጀውንም ቀየረው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከዚያ በፊት ያለፉትን «እሺ»ዎች እቆጥር ነበር።

አሳንሰር ውስጥ ለጠየቅኸኝ ልጅ፣ አይሰለቸኝም። ቦርሳዬ ውስጥ በማዕዘኑ የተጠቀለለ ደብተር አለኝ፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። «ውጋት»፣ «ቃር»፣ «ብርድ መታኝ» እያልኩ ሞልቼዋለሁ፤ «ሆድ ባር ባር ማለት» አጠገብ ሦስት ጊዜ ተሠርዞ የተጻፈ አለ። በሚመጣው ዓመት ጡረታ ስወጣ ላስረክብህ አስቤአለሁ። «ምች» የሚለው ግን እስካሁን ባዶ ነው። ፀሐይ መታው ብል አይሆንም፤ ትኩሳት ብል አይሆንም፤ የከንፈር ቁስል ብል ሐኪሙ ቅባት አዝዞ ያሰናብታቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት «ምች ነው፣ ዳማከሴ የት ይገኛል?» ሲሉ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀኝ፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ አስረድቼ አሁንም የገባው አይመስለኝም። አንተ የተሻለ ቃል ካገኘህ ቦታው ክፍት ነው፤ ገጽ 14 ላይ፣ ከታች።