ካሜራው ማታ ማታ ለምን በራሱ ይዞራል?

ጥያቄ፦ ሳሎን ውስጥ ልጄንና ሞግዚቷን የማይበት የሚሽከረከር የዋይፋይ ካሜራ አለኝ። አምና ባለሙያ ነው የገጠመልኝ። ሰሞኑን ማታ ማታ ማንም ሳይነካው ይዞራል። በቅርቡ ያየሁት የወንጀል ፊልም ላይ ሌቦቹ ቤተሰቡን በገዛ ካሜራው ሲሰልሉት ነበርና እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ገብቶበት ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ሞግዚቷን ከመጠርጠርዎ በፊት ተራ ምክንያቶችን እንይ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዲህ ያለው ካሜራ ራሱን ለመፈተሽ ይዞራል። እንቅስቃሴ የሚከተልበት ማስተካከያ በርቶ ከሆነም ድመትም መጋረጃም ያዞረዋል። እሱን አጥፍተው፣ መብራትም ሳይቋረጥ ከዞረ ይንቀሉት።

ፊልም ላይ ሰርጎ ገቡ ሁሌ ሊቅ ነው። እውነቱ ያን ያህል አያጓጓም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን (ዋይፋይ የሚያሰራጩትን ሳጥኖች) የያዘው ከፋብሪካ ይዘዋቸው የወጡትን ፓስዎርዶች እየሞከረ ነበር። ‹‹አድሚን፣ አድሚን›› ዓይነቱን ማለቴ ነው።

የእርስዎ ላይ ግን የምጠረጥረው ሌላ ነው። አካውንቱ የማን ነው? በሙያችን አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ካሜራ የሚገጥመው ባለሙያ ሥራው እንዲፈጥንለት ካሜራውን በራሱ ስልክ ይከፍትና ለደንበኛው ሼር ያደርጋል። በአፑ ዓይን ባለቤቱ እሱ ነው፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት። ያ ስልክ ቢሸጥ ወይም ቢሰረቅ ሳሎንዎም አብሮ ይሄዳል።

አፑ ውስጥ ካሜራው ከሌላ ሰው የተጋራ መሆኑ ከተጻፈ ነገሩ ይኸው ነው። ፖሊስ ጋ መሄድ ካሰቡ ምንም ሳይነኩ የተጋሩትን ሰዎችና የገቡትን ስልኮች ዝርዝር ስክሪንሾት ያድርጉ። ከዚያ ገጣሚው ካሜራውን ከአካውንቱ እንዲያጠፋው ያድርጉ፤ ሲያጠፋ አጠገቡ ይሁኑ። ቁልፉን ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ብዙ ካሜራዎች በአምራቹ ሰርቨር ላይ ከመጀመሪያው አካውንት ጋር እንደታሰሩ ይቀራሉ። ሰውዬው ካልተገኘ በካሜራው ላይ የተጻፈውን ሲሪያል ቁጥርና ደረሰኝዎን ይዘው ለአምራቹ ይጻፉ።

ሲለቀቅልዎ ሪሴት ያድርጉትና በራስዎ ኢሜይል አዲስ አካውንት ይክፈቱ። የፌስቡክዎን ፓስዎርድ እንዳይደግሙት። ከሌላ ቦታ ያፈተለከ ፓስዎርድ ካሜራ ላይ መሞከር የተለመደ ዘዴ ነው። አፑ በስልክ ኮድ የሚልክ ከሆነ ያንንም ያብሩት።

የዋይፋዩን ፓስዎርድም ይቀይሩ፣ ገጣሚው ያውቀዋልና። ራውተሩ ውስጥ ገብተው የአድሚኑን ፓስዎርድ ይቀይሩ፤ ‹ዩፒኤንፒ› የሚለውንም ያጥፉ። እሱ መሣሪያዎች ሳያስፈቅዱዎት ወደ ውጭ በር እንዲከፍቱ የሚያደርግ ነው። ቢጠፋም አብዛኞቹ የቤት ካሜራዎች በስልክዎ መታየታቸውን አያቆሙም።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ካሜራውን ወደ ግድግዳ ማዞር አይበቃም። ማይክ አለው፣ ይሰማል። ገመዱን ይንቀሉት።