መልስ፦ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ለማሠራት ካሊበርና ሠሪ ስለ መምረጥ

ወንድሜ፣ ለጎሽ ምናልባትም ለዝሆን ባለ ሁለት አፈሙዝ ላሠራ ነው፣ በካሊበር (በጥይቱ ልክ) 470 ይሻላል ወይስ 500፣ ማንስ ይሥራልኝ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ለትልልቅ አውሬ ከተሠሩት የናይትሮ ኤክስፕረስ ጥይቶች 470ን እመርጣለሁ። 32 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ 655 ሜትር አካባቢ ይወረውራል፤ ጥይቱም ከሌሎቹ ትልልቅ ናይትሮዎች በቀላሉ ይገኛል። የ500 አረር 37 ግራም ነው፣ ርግጫውም እንደዚያው ይከብዳል። ሁለተኛውን ቃታ ቶሎ መሳብ ካልቻልክ ደግሞ ሁለት አፈሙዝ መያዝህ ምን ይረባሃል? ጎሽ ብቻ ከሆነ አነስ ያለውን ናይትሮ፣ 450/400ን፣ አትናቀው፤ ለትከሻ በጣም ይቀላል።

ሠሪ ስትመርጥ ከቅርጻ ቅርጹ በፊት የአፈሙዞቹን አገጣጠም ተመልከት። ትይዩ ይመስላሉ እንጂ ወደ ጫፋቸው እየተቀራረቡ ነው የሚሄዱት። ባለሙያው ይተኩሳል፣ ጫፉ ላይ ያለውን ብየዳ አሙቆ በመሃል ያለችውን ሽብልቅ በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል፣ ደግሞ ይተኩሳል፤ የግራውም የቀኙም ምት ጎን ለጎን እስኪያርፍ ድረስ። ይህ ሁሉ ልፋት የሚሠራው ለተስተካከለበት ጥይት ነው፤ ሌላ ዓይነት ካጎረስከው ምቶቹ ሊራራቁ ወይም ሊተላለፉ ይችላሉ።

ለአደን ሥራ የጀርመኑን ሃይም እመርጣለሁ፤ የፈረንሳዩ ቨርኒ ካሮንም ጥሩ ነው። የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድና የበርሚንግሃሙ ዌስትሊ ሪቻርድስ እጅግ ውብ ሥራ ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ግን እጥፍ ድርብ ነው። ከማንም ብታዝ የጥይቱን ዓይነት፣ የአረሩን ክብደትና የሚስተካከልበትን ርቀት ውሉ ላይ አስጽፍ፤ ስትረከብም የተተኮሰበትን የዒላማ ወረቀት ተቀበል።