ጥያቄና መልስ፦ ዲሲ ውስጥ ገና ያልታወቀ የሮክ ባንድ የት ይታያል?

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው "ዲሲ ውስጥ አዳዲስ የሮክ ባንዶችን ለማየት የቱ ትንሽ ክለብ ይሻላል" የሚል ክርክር ተነሥቶ በስድብ አለቀ። እኔም ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ አልኩ፣ ይኸው መጣሁ። ለማታውቁኝ፣ ቀን ታክሲ እነዳለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ የሰርግ ሳውንድ እሠራለሁ። የተረፈኝን ማታ ዩ ስትሪት አካባቢ ክለብ ውስጥ ቆሜ ነው የማሳልፈው። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በር የሚከፈትበት ነው፣ ባንዱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግማችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አታንዛዛው፣ አንድ ቦታ ብቻ ጥራ ብትባል?

ዲሲ ናይን። ናይንዝ ስትሪት ላይ ቁጥር 1940። ሁላችሁም በበሩ አልፋችኋል፣ ክትፎ ልትበሉ ስትሄዱ። ግራና ቀኙ የኛ ምግብ ቤት ነው፣ መሃሉ ላይ ፈረንጅ ተሰልፎ ሲያጨስ ያያችሁበት ያ ቤት ነው። ከ2004 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ታች ቡና ቤት፣ መድረኩ ፎቅ ላይ፣ ቢበዛ 250 ሰው ይይዛል።

ለምን እሱ? አንድ ማክሰኞ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስት ልጆች ከሌላ ስቴት በቫን መጥተዋል። እኔ ሥራ ልማድ ሆኖብኝ ሰው እቆጥራለሁ፣ ከባርማኑ ጋር አሥራ አንድ ነበርን። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የቤዙ አምፕሊፋየር ጸጥ አለ። እኛ ሰርግ ላይ ቢሆን የሙሽራው አባት እስኪደርስብኝ አልተነፍስም። እዚያ ግን ድራመሩ አላቆመም። እየመታ፣ እየመታ፣ ጊታሪስቷ በአንድ ኖታ ላይ ቆማ እየጠበቀች፣ ሳውንድ ማኑ ኬብል በጥርሱ ይዞ መድረክ ላይ ዘለለና ቤዙን በቀጥታ ከሚክሰሩ ጋር አገናኘው። ቤዙ ተመልሶ ሲገባ አሥራ አንዳችንም ጮኽን። በኋላ ጊታሪስቷ ራሷ ቲሸርት ስትሸጥ ቆማ "ያ ክፍል ታቅዶ ነው የመሰላችሁ?" እያለች ትስቃለች። ይኼን ስታዲየም ውስጥ አታገኙትም። ባንዱ ያድግ አያድግ እግዜር ያውቃል፣ እኔ ግን ያቺን ማታ አልረሳም።

ጥያቄ፦ ናይን ሰርቲ ክለብን እንዴት ዘለልከው? በዓለም የታወቀ እኮ ነው።

የታወቀ ስለሆነ ነዋ የዘለልኩት። ጥያቄው ትንሽ ክለብ ነው፣ ያ 1,200 ሰው ይይዛል።

ታሪኩን ግን ላውራችሁ፣ ደስ ይለኛል። ክለቡ በ1980 ሲከፈት መሃል ከተማ ኤፍ ስትሪት ቁጥር 930 ላይ ነበር፣ ስሙም ከዚያው አድራሻ ነው የመጣው። የተፈቀደለት 199 ሰው ነበር። ጠባብ፣ ጨለማ፣ መድረኩ ፊት ምሰሶ የተገተረበት፣ በመጥፎ ጠረኑ ደግሞ የሚታወቅ ቤት ነበር ይላሉ የደረሱበት። በ1996 አሁን ወዳለበት ቪ ስትሪት ተዛወረ። አዲሱ ቤት አንድ የምወድለት ብልሃት አለው፣ መድረኩ ከሥሩ ጎማ አለው። ትኬት ካልተሸጠ መድረኩን ወደፊት ይገፉታል፣ አዳራሹ ያንሳል፣ ባዶ አይመስልም። የሰርግ አዳራሽ ያላችሁ ሰዎች ይኼን አስቡበት፣ 600 ወንበር ደርድራችሁ 200 ሰው ሲመጣ የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በ2023 እዚያው አጠገቡ ዘ አትላንቲስን ከፈቱ። 450 ሰው ይይዛል፣ የድሮውን የኤፍ ስትሪት ክለብ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። የመክፈቻውን ማታ ታዋቂው የሮክ ባንድ ፉ ፋይተርስ ተጫወቱበት፣ ለመጀመሪያዎቹ 44 ዝግጅቶች ትኬቱ 44 ዶላር ነበር። አዳዲስ ባንዶችን እዚያ እዩ፣ ሲያድጉ በሚቀጥለው በር ታገኟቸዋላችሁ።

*አባል ከአርሊንግተን፦* ይቅርታ ግን 1,200 ትንሽ ነው። ካፒታል ዋን አሬና ሃያ ሺህ ሰው ይይዛል እኮ።

*አባል ከአሌክሳንድሪያ፦* በዚህ አያያዝማ መስቀል አደባባይ ሲታይ አሬናውም ጓዳ ነው።

*አባል ከአርሊንግተን፦* ቀልድ አይደለም። እኔ እዚያ በረንዳው ላይ ቆሜ የዘፋኙን ላብ አይቻለሁ።

*አባል ከአሌክሳንድሪያ፦* ላብ ማየትና ላብ እላይህ ላይ መንጠባጠብ ይለያያል ወንድሜ።

በቃ። ሁለታችሁም በውስጥ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ብሄድ ይሻላል?

ከላይ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንዴ ሄጄ ጊታሩና ድራሙ ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ዘፋኟ አፏን ብቻ ነበር የምትከፍተው። ሳውንዱ ነው ወይስ እኔ?

እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! መጀመሪያ የት ቆመሽ ነበር? መድረኩ ሥር እንደሆነ ልማልልሽ እችላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው እህቴ። ትንሽ ክለብ ውስጥ ድራሙ በራሱ ጉልበት ይጮኻል፣ ጊታሩም ከጀርባው ካለው አምፕሊፋየር በቀጥታ ይመጣብሻል። የዘፋኟ ድምፅ ግን የሚወጣው ግድግዳው ላይ ወይም መድረኩ ዳርና ዳር ካሉት ትልልቅ ስፒከሮች ነው፣ እነሱ ደግሞ ፊታቸው ወደ አዳራሹ መሃል ነው። መድረኩ ሥር የቆመ ሰው ከነሱ ኋላ ወይም ጎን ይቀራል። ስለዚህ ባንዱ ይደርስሻል፣ ግጥሙ በላይሽ ያልፋል። መድኃኒቱ ሳውንድ ማኑ የቆመበትን ፈልጎ እሱ ፊት መቆም ነው። ሰውየው የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ነው፣ እሱ የሚሰማውን ትሰሚያለሽ። ግድግዳ ላይ አትለጠፊ፣ ቤዝ እዚያ ይከማችና ሆድሽን ያንቀጠቅጠዋል። ጥግማ የባሰ ነው።

ሌላው፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ድምፁ ይጋጫል። ሰው ሲሞላ ልብስና ገላ ስለሚውጠው ይጠራል። የመጀመሪያው ባንድ መጥፎ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በዚያ ላይ ሳውንድ ቼክ፣ ማለት የድምፅ ሙከራው፣ የሚደረገው ለዋናው ባንድ ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ የምትተርፈው አሥር ደቂቃ ናት፣ እሷም ከተገኘች። ስለዚህ ሁለት ዘፈን ታገሷቸው፣ ሦስተኛው ላይ ፍረዱ። እኔ እንዲያውም ለመጀመሪያው ባንድ ብዬ ነው የምሄደው፣ ዋናው ሲጀምር ወጥቼ ሽሮ የበላሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

የጆሮ መድፈኛም ያዢ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም 100 ዴሲቤል ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ አትቆዩ ይላል። ሮክ ክለብ ያን በቀላሉ ያልፋል፣ አንድ ባንድ ደግሞ 40 ደቂቃ ይጫወታል። ጆሮ ከተበላሸ አይመለስም። እኔ ግራ ጆሮዬ ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፣ ከሰርግ ነው ያመጣሁት።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ ጊታር ትማራለች። መጠጥ ቤት ልወስዳት ነው እንዴ?

ወላጆች ሁሉ ይኼን አንብቡ። ብላክ ካት ሂጂ፣ ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ። ከ1993 ጀምሮ አለ፣ አሁን ወዳለበት የገባው በ2001 ነው። ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ ወለሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ነው። በማንኛውም ዕድሜ ያስገባሉ፣ ለመጠጥ ዕድሜው ያልደረሰ እጁ ላይ በጥቁር ማርከር ኤክስ ይጻፍበታል።

ያቺ ኤክስ ደግሞ የዲሲ ታሪክ ናት። ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ የነበራቸው የዚህ ከተማ ልጆች በ1980 ሳን ፍራንሲስኮ ሊጫወቱ ሄዱ። ዕድሜያቸው ስላልደረሰ ክለቡ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው እጃቸው ላይ ኤክስ አደረገባቸው። ተመልሰው ለዲሲ ክለቦች "እኛንም እንዲህ ምልክት አድርጉብንና አስገቡን፣ አንጠጣም" አሉ። ክለቦቹ ተቀበሉ። ባጠራቀሟት ገንዘብ ደግሞ ዲስኮርድ ሬከርድስ የሚባለውን የሙዚቃ አሳታሚ መሠረቱ። ከነሱ አንዱ ኢያን ማካይ በኋላ ፉጋዚ የሚባለውን ባንዱን ይዞ ዓለምን ዞረ፣ ትኬቱ ግን 5 ዶላር ገደማ እንዲሆንና ልጆች እንዲገቡ ሙጭጭ ብለው ይከራከሩ ነበር። እኔ አንድ ባንድ ለሰርግ ስንት እንደሚጠይቅ ሳስብ… ይቅር፣ ሥራዬን አላበላሽም።

በጋ ላይ ደግሞ ቴንሊታውን ፎርት ሪኖ ውሰጃት። ከ1968 ጀምሮ ሜዳ ላይ በነጻ የሚደረግ ዝግጅት ነው፣ መጠጥ የለም። ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ ምሳ ዕቃ ያዙ። የአካባቢው ልጆች ባንዶች ናቸው የሚጫወቱት። ኮሜት ፒንግ ፖንግም አለ፣ ከፊት ፒዛና ፒንግ ፖንግ፣ ከኋላ ባንድ። ለልጅሽ መድፈኛውን አትርሺ።

ጥያቄ፦ ፓርኪንግስ?

በሜትሮ ሂዱ። አረንጓዴው መስመር፣ ዩ ስትሪት ጣቢያ። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት እዩ።

ጥያቄ፦ የትኛው አዲስ ባንድ ነው ትልቅ የሚሆነው?

ይኼን ባውቅ ታክሲ እነዳለሁ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትኬቱ 7 ይላል፣ እኔ በኛ አቆጣጠር መስሎኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው።

ወይ ጉድ። በስመ አብ። በፈረንጅ 7 ነው ልጄ፣ በኛ ምሽት 1 ሰዓት። ለምን እንደተሳሳትክ ግን ይገባኛል፣ የሀበሻ ኮንሰርት ለምደህ ነው። እኛ ጋ በፈረንጅ 9 ተብሎ ዘፋኙ የሚወጣው ሌሊት 1 ላይ አይደል። እዚህ ዋናው ባንድ በዚያ ሰዓት ዕቃውን ቫን ላይ ጭኖ ሄዷል። አርቲስት የሚያስመጡ ወገኖችም ይኼን ቢማሩ ጥሩ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ስም አልጠራም፣ አዳራሹን ሞልቼ ሳውንዱን ከፍቼ እስከ ሌሊቱ 2 ሰዓት በፈረንጅ ስጠብቅ…

*አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦* ያ ቀን እኔም ነበርኩ! ብራችን አልተመለሰም!

*አባል ከአሌክሳንድሪያ፦* ወደ ሮኩ እንመለስ በእመቤቴ።

ጥያቄ፦ የኛ ሰው ሮክ የሚጫወት አለ?

ጃኖ ባንድ። በ2012 ባወጡት "ኤርታሌ" አልበም ላይ አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል አብሯቸው ሠርቷል።

*አባል ከአርሊንግተን፦* ጃኖ ሮክ አይደለም፣ ጊታሩ የተጮኸበት አማርኛ ፖፕ ነው።

*አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦* ትዝታን በዲስቶርሽን ከተጫወትከው ሌላ ምን ልትለው ነው?

*አባል ከአርሊንግተን፦* ትዝታ።

ጥሩ መልስ ናት፣ ተመችታኛለች። እኔ ግን ስለ ሌላ ሰው ላውራ። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንዱ። በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጣና እዚሁ ቀረ፣ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ታተመ፣ በ2018 "ላላ በሉ" የሚለውን አልበም አወጣ። ዛሬ ፈረንጅ ወጣቶች ተሰልፈው ነው የሚያዩት። ተራ ጥበቃ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይኼን ታሪክ ስናገር ትንሽ ያንቀኛል። አዲስ ባንድ ማለት ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ብቻ ይመስላችኋል።

ጥያቄ፦ ዩ ስትሪት ሚዩዚክ ሆል እንዴት ነው?

በ2020 ተዘግቷል። ኤች ስትሪት የነበረው ሮክ ኤንድ ሮል ሆቴል የሚባለው ክለብም እንደዚሁ። አርሊንግተን የነበረው አዮታ ደግሞ ከነሱም በፊት፣ በ2017። የድሮ ዝርዝር ይዛችሁ አትውጡ። ሶንግበርድም ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩኒየን ማርኬት አካባቢ ተዛውሯል፣ ባለፈው አንድ ልጅ የድሮው በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ።

ጥያቄ፦ ትኬት በኢንተርኔት ልግዛ ወይስ በር ላይ?

ከክለቡ ከራሱ ገጽ። ከሌላ ሻጭ ከገዛችሁና ሦስት እጥፍ ከከፈላችሁ እኔ ጋ አታልቅሱ። ማክሰኞና ረቡዕ ከሆነ በር ላይም ይገኛል። መታወቂያ ያዙ፣ ሽበት ቢኖራችሁም ይጠይቃሉ። እኔን ባለፈው ሳምንት ጠይቀውኛል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አሁን ነው የገባሁት፣ የቱ ክለብ ይሻላል? ስንት ሰዓት ይጀምራል?

ልወጣ ነው። ዛሬ ማታ የመጀመሪያው ባንድ በፈረንጅ 8 ላይ ነው፣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው የጻፍኩላችሁ። ከላይ አንብብ።