«ምን ልታደርገው ነው?» ጎንደር ውስጥ መንገድ ላይ ፎቶ ስለማንሳት ጥያቄና መልስ

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እሑድ እሑድ ሠርግ አነሳለሁ፤ በቀረው ቀን ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፒያሳን፣ አራዳን፣ ቅዳሜ ገበያን እዞራለሁ። ከማላውቀው ሰው ጋር ስላጋጠመኝ እፍረትና ጭቅጭቅ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ፣ ዛሬ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ።

ሳነሳው ሰውዬው አየኝ። ምን ላድርግ?

ካሜራህን አውርድና ወደ እሱ ሂድ እንጂ ዞር አትበል። ሰው ከመነሳቱ ይልቅ አንስተኸው እብስ ስትል ነው የሚናደደው፤ ሌባ ትመስላለህ። ሰላምታውን ደግሞ አታሳጥረው። «እንዴት ዋሉ አባቴ፣ ደህና ነዎት፣ ቤተሰብ ደህና?» ብለህ እስክትጨርስ ግማሹ ቁጣ በርዷል።

ይህን የተማርኩት አራዳ ጉልት ላይ ነው። አንዲት እናት ነጭ ሽንኩርት በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ የጠዋት ፀሐይ በሸራው ቀዳዳ ገብታ ልክ እጃቸው ላይ አርፋለች። አነሳሁ። ነጠላቸውን ጎተት አድርገው አፋቸውን ሸፈኑና «ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ለማስታወሻ» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣውን።

«የማን ማስታወሻ? ታውቀኛለህ እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ጆንያው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አሳየኋቸው። አየት አድርገው «ባልቴት አስመሰልኸኝ» አሉ። ሁለት መደብ ገዛሁ። ስነሳ «ስታሳጥበው አምጣልኝ» አሉኝ። የዚህን መጨረሻ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አስፈቅጄ ላንሳ ወይስ አንስቼ ልንገር?

ካስፈቀድህ ቀጥ ብለው ይቆሙልሃል፤ እጅ ወደ ጎን፣ ፊት እንደ መታወቂያ ፎቶ። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ማስፈቀድ ይጠላሉ። እኔ ያንን የቆሙልኝን አነሳና አመሰግናለሁ፤ እሱ የእነሱ ነው። ግን አልሄድም። ትንሽ ቆይተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የእኔን አነሳለሁ፤ ፈቃዱ በእጄ ነውና። ፊት ጎልቶ የማይታይበት ከሆነ፣ ማለትም ጀርባ፣ ጥላ፣ በሩቅ የሚያልፍ ጋሪ፣ ማንንም አላስቸግርም።

በሕግ ያስጠይቃል?

ጠበቃ አይደለሁም፤ የተጻፈውን ግን አንብቤዋለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27፣ የሰውን ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ልብ በሉ፣ የሚናገረው ካነሳህ በኋላ ስለምታደርገው ነገር ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ከእነሱ አንዱ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ወይም በዓል ጋር የተያያዘ ምስል ነው። ስለዚህ የጥምቀት ሕዝብና አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ቡና ስታፈላ በሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። ጉልት ላይ ቆመህ አንቀጽ ስትጠቅስ ግን አንተን አያድርገኝ።

ሌንስህ ስንት ነው?

35 ሚሊሜትር፤ ቀረብ ብለህ የምታነሳበት ነው። በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ከሩቅ የሚያነሳን ሰው ሲይዙት የባሰ ነው፤ ተደብቆ ነበራ።

በጣም ያፈርክበት ቀን?

ኧረ ተዉኝ! ወደ አዘዞ ስሄድ መንገድ ዳር ድንኳን አየሁ። ነጭ የለበሰ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ወንበር ይራገፋል። ሠርግ አይቼ አላልፍም፣ እንጀራዬ ነው። ጠጋ ብዬ ሦስት ጊዜ ካነሳሁ በኋላ ነው በካሜራው ውስጥ የሴቶቹን ነጠላ ያየሁት፤ አዘቅዝቀው ነበር የለበሱት። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ትከሻ ላይ። ልቅሶ ቤት! አንድ ወጣት እየተንደረደረ መጣ። ከመድረሱ በፊት ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና «ይቅርታ፣ ሠርግ መስሎኝ ነው» አልኩት። አፍጥጦ ቆየና «ግባና እግዜር ያጥናችሁ በል» አለኝ። ገባሁ። ንፍሮም ቀመስኩ። ሦስቱንም ፎቶ እዚያው ተቀምጬ አጠፋሁ፤ እሱም ከጎኔ ሆኖ ስክሪኑን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ሳይ መጀመሪያ የማየው ጥለቱን ነው።

ፋሲል ግቢ አካባቢ ልጆች «ብር ስጠኝ» ሲሉኝስ?

ለፎቶ ብዬ ብር አልሰጥም። ሊስትሮ ካነሳሁ ግን ጫማዬን አስጠርጌ ሒሳቡን እከፍላለሁ።

ጥበቃ ቢያስቆመኝ?

ወታደር፣ ኬላና የባንክ በር ወዳለበት ካሜራ አታዙር። መታወቂያህን ያዝ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የደጁን ዛፍ ሳነሳ ጥበቃው ሜሞሪ ካርዴን አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ስጮህ አልመለሰም፤ ዝም ብዬ አጠገቡ ሁለት ሰዓት ስቀመጥ መለሰ። በእኔ ቤት ጀግንነት መሆኑ ነው፤ እናንተ ግን «አሳይዎታለሁ፣ አጠፋዋለሁ» ብላችሁ ጀምሩ።

ሴት ነኝ፤ ካሜራ ሳወጣ ለከፋው አያስወጣኝም።

እኔ ወንድ ነኝ፤ ይህን በልምድ ልመልስልሽ አልችልም። አብራኝ የምትሠራ ልጅ የምታደርገውን ልንገርሽ። አንድ ጀበና ቡና ትመርጥና እዚያው ትቀመጣለች፤ ቡና ከምታፈላው ሴት ጋር ትግባባለች። የሚለክፍ ሲመጣ ባለ ጀበናዋ ትቀድማታለች። ከእኔ የተሻሉ ፎቶዎችም አሏት፤ ሰው ወደ እሷ ነው የሚመጣው።

ጥምቀት ላይስ?

በከተራና በጥምቀት ሁሉም ካሜራ ይዟል፣ ማንም አያይህም። አንድ ነገር ብቻ፦ ጥር 11 ጠዋት ውኃው ተባርኮ ወጣቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲዘል እርጥብ ልብስ ሰውነታቸው ላይ የተጣበቀባቸው ሴቶች ይኖራሉ። እነሱን አጉልቶ የሚያነሳ ባለሙያ ነኝ ባይ አይቻለሁ። በእኔ በኩል፣ ቢመቱት አላስጥለውም።

ባለ ነጭ ሽንኩርቷስ? ፎቶውን ወሰድክላቸው?

አሳጠብኩና በሳምንቱ ወሰድኩ፤ አልነበሩም። በሁለተኛውም አልነበሩም። በሦስተኛው አገኘኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት፣ ለጎረቤታቸው አሳዩ፣ በመጨረሻ ከሽንኩርቱ ሥር ባለው ፌስታል ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ነጠላቸውን አራግፈው፣ ጥለቱን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡና «በል አሁን ደህና አድርገህ አንሳኝ» አሉኝ።